ከአባባ አተር ጎን የበቀለው

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ እትዬ፤

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጤናሽስ እንዴት ነው? ደረጃ ስትወጪ የሚያስቸግርሽ ያ ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይ? እማዬ እንዴት ናት? ጆሮዋ አሁንም እንደ ልማዱ የሚፈልገውን ብቻ መርጦ ነው የሚሰማው? ባለቤትሽ ጋሼ መምህር እንዴት ናቸው? ጡረታ ወጡ እንጂ ድምፃቸው ጡረታ እንዳልወጣ አውቃለሁ። ትልቁ ልጅሽ ሥራውን ለመደው? ትንሿስ ከመስታወት ፊት ዞር ማለት ጀመረች ወይ? ሁላችሁም ውል እያላችሁብኝ እቸገራለሁ። እኔ ደግሞ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ ብዬ ልቀጥል ነበር፤ እጄ ስለለመደው ሊጽፈው ሲል ያዝኩት። ዛሬ እሱን አልጽፍም፤ ለምን እንደሆነ ወረድ ብዬ እነግርሻለሁ።

መጀመሪያ ግን አንድ ልመና አለኝ። ይህን ደብዳቤ ይዘሽ ወደ ጓዳ እንዳትገቢ። እንደ ቤታችን ደንብ ሁላችሁም ሳሎን ተቀመጡና ጋሼ መምህር መነጽራቸውን ሰክተው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ በተማሪ ሰልፍ ፊት እንደቆሙ ሆነው ከላይ እስከ ታች ያንብቡት። መሃል ላይ ይህቺን እንኳ እንዝለላት ማለት የለም። ስልክ ያልደወልኩት አንቺን ስለማውቅሽ ነው። በስልክ እኔ አንድ ቃል ስናገር አንቺ ሦስት ትመልሺያለሽ፤ ነገሩ የከበደሽ እንደሆነ ደግሞ መስመሩ ተቆራረጠ ትያለሽ። እኔ ጋ መስመሩ ሁልጊዜ ደህና ነው። ወረቀት ግን ከአፉ ነጥቀሽ አትመልሺለትም።

የምፈልገውንም ከወዲሁ ልንገርሽ። ብብትሽ ሥር የወጣችውን ያቺን ንፍፊት ለሐኪም እንድታሳዪልኝ ነው። አውቃለሁ፣ አሁን ሳቅሽ። እማዬም ምን ነካው ይሄ ልጅ፣ የአባቱን አተር ረሳው እንዴ ብላለች። ሳቁ፤ ስትጨርሱ ጋሼ ይቀጥሉ።

ሥራዬን ታውቂዋለሽ፤ ሸሚዝ ቤት ውስጥ ኮሌታ እሰፋለሁ። ያልነገርኩሽ ነገር ቢኖር አንገቴም አብሮኝ የተቀጠረ መሆኑን ነው። እኛ ቤት መካከለኛ ቁጥር የሚባለው የኮሌታ ልክ የሚወጣው ከእኔ አንገት ነው። ቆራጫችን አዲስ ሞዴል ባወጣ ቁጥር ከስፌት መኪናዬ ተነስቼ ፊቱ እቆማለሁ። በስፒል ያያይዘዋል፣ በጠመኔ ምልክት ያደርግበታል፣ በኮሌታውና በአንገቴ መሃል ጣቱን ይሰዳል፣ ከዚያ ዋጥ አድርግ ይለኛል። ምራቄን እውጣለሁ። ተናገር ይለኛል፤ አፌ ላይ የመጣልኝን እለፈልፋለሁ። ሲስማማው በካርቶን ላይ ቆርጦ ያስቀረዋል፤ ከዚያች ካርቶን መቁጠር የሚያታክት ሸሚዝ ይወለዳል። በዚህ ከተማ ውስጥ እኔ ጨርሶ የማላውቃቸው ሰዎች በእኔ አንገት ልክ ለብሰው ሲሄዱ ሳይ ደረቴ ይነፋል። ጉረኛ በይኝ፤ ከማን ወረስኩት?

ቆራጩን ሚሊሜትር ነው የምንለው። ለክር ውፍረት ሰው የሚቀየም ፍጡር ነው። ሜትሩ ከአንገቱ ወርዶ ስላላየን አብሮት ይተኛል እያልን እናማዋለን። ቀልድ አያውቅም፤ ሰው ሲስቅ ምን እንደጎደለ ለማየት ዙሪያውን ይቃኛል። እኔ ግን እወደዋለሁ፤ ለምን እንደምወደው አሁን ትሰሚያለሽ።

ብርዱ ሊገባ ሲል አንድ ትልቅ ሆቴል ለአስተናጋጆቹ ሸሚዝ አዘዘን። ሚሊሜትር እንደ ወትሮው ኮሌታውን በእኔ ላይ ሞከረውና ጠበበ። ካርቶኑን ረገመ፤ እርጥበት አኮማትሮት ነው አለና ሰፋ አድርጎ ቆረጠ። ቆይቶ ሲሞክረው ደግሞ ያው ጠበበ። አሁንም ካርቶኑን አሰፋው። አየሽ፣ ለእሱ የእኔ አንገት የማይንቀሳቀስ ነገር ነው። ጨርቁ ይሳሳታል፣ መቀሱ ይሳሳታል፣ የእኔ አንገት ግን ይሳሳታል ብሎ ማሰብ ከቶ አይሆንለትም። እኔም ሞኙ ቆሜ ምራቄን እየዋጥኩ፣ አሁን ተመቸኝ አልኩት። ያን ሁሉ ሸሚዝ በዚያ ልክ ሰፍተን፣ ተኩሰን፣ አጣጥፈን ላክን።

ሆቴሉ ሸሚዙን ጭኖ መለሰልን። ለካ አስተናጋጆቹ ሲለብሱት አንገታቸው እንደ ኤሊ ከኮሌታው ውስጥ ብቅ ጥልቅ ይል ኖሯል። አለቃችን አላምን ብሎ አንዱን ራሱ ለብሶ መስታወት ፊት ቆመ፤ አገጩን ዝቅ ሲያደርግ ኮሌታው አፉ ድረስ መጣለት። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፤ አለቃችን ግን ሲስቅ አላየሁትም። ሚሊሜትር ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ወደ መኪናዬ መጣ፤ ቁም አለኝ፤ ለካኝ። ፈታ አድርጎ እንደገና ለካኝ። ከዚያ ቁጥሩን ትቶ ፊቴን አየኝ። ካርቶኑ ልክ ነበር፣ ያደገው አንገትህ ነው አለኝ። በቀኝ በኩል ከጆሮዬ በታች በጣቱ ነካ አደረገና ይሄ ምንድን ነው ሲለኝ፣ እኔ ምን ያልኩት ይመስልሻል? የአባባ አተር ነው አልኩት።

መቼም ይህን ለባዕድ ሰው ማስረዳት እንዴት እንደሚያስቸግር! አባባ ነፍሱን ይማረውና በአንገቱ ዙሪያ በቆዳው ሥር የሚንከባለሉ ንፍፊቶች እንደነበሩት፣ ልጆች ሆነን ጭኑ ላይ ተቀምጠን ስንጫናቸው እንደ በር ደወል ቂው ቂው እያለ ያስቀን እንደነበር፣ አንቺ በግራ እኔ በቀኝ እንደወረስነው ሁሉንም ነገርኩት። አንቺ ልትዳሪ ስትይ እማዬ፣ ይህች አተር የሙሽራ ቀሚስሽን አንገት ታበላሻለች ብላ ሐኪም ቤት ወሰደችሽ። አንዷን አውጥተው መረመሩና፣ ሰውነትሽ እጢ ማሳበጥ ስለሚወድ ነው እንጂ ክፉ ነገር የለባትም አሏችሁ። ያን ዕለት እማዬ በደስታ መቀመጫ አጥታ ጎረቤቱን ሁሉ ስታዳርስ ትዝ ይለኛል። ከዚያ ወዲህ በእኛ ቤት እጢ የሚባል ነገር ሁሉ ነጻ ወጣ። የእኔ ሲወጣ ያው ነው ተባለ፣ ያንቺ ሲጨምር ያው ነው ተባለ። አንድ አንገት ላይ አንዲት እጢ ተመርምራ ቤተሰቡ በሙሉ ለዘለዓለሙ ተመረመረ። እንዲህ ያለ ቤተሰብ ከእኛ ሌላ ያለ አይመስለኝም።

ሚሊሜትር ታሪኩን ሰምቶ ሲያበቃ፣ ደስ ይላል፣ ነገር ግን ሐኪም ሳያይህ በአንተ ላይ ኮሌታ አልሞክርም አለና ሄደ። በማግስቱ ከካውያ ክፍል አንዱን ጎረምሳ ጠርቶ ፊቱ አቆመው። ያ ጎረምሳ ዋጥ አድርግ ሲባል አገጩን ሰቅሎ፣ ተናገር ሲባል ዘፈን ሲያንጎራጉር ማየት ነበረብሽ። እውነቱን ልንገርሽ እትዬ፣ ሐኪም ዘንድ የሄድኩት ፈርቼ አይደለም። ቀንቼ ነው።

ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፤ ትንሿ ልጅሽ ነጭ ጋዋን ለብሳ የመጣች ነው የመሰለኝ። ገና ሳትጠይቀኝ የአባባን፣ ያንቺንና የእኔን አተር ታሪክ ዘረገፍኩላት። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ፣ ደስ የሚል ቤተሰብ ነው ያለዎት፣ አሁን ጋደም ይበሉልኝ አለችኝ። አንገቴን፣ ብብቴን፣ ብሽሽቴን ሁሉ ቀስ እያለች ዳሰሰች። ከሁሉ ተልቃ ከምትታየው ላይ በመርፌ ቀዳች። ውጤቱ ሲመጣ ያበጠ እጢ ነው፣ ክፉ ነገር አልታየበትም የሚል ሆነ። ደስታዬን አትጠይቂኝ! ወደ ሥራ ቤት እየሮጥኩ መጥቼ ሚሊሜትር ፊት አንገቴን ደቀንኩለት። እሱም የዚያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቅ አየሁት፤ ጥርሱ ያምራል ለካ። ያንን የካውያ ጎረምሳ ወደ ካውያው መለስነው።

ሐኪሟ ግን አልተዋጠላትም። ጥቂት ቀን ቆይታ አስጠራችኝና፣ ከአንገቴ ግርጌ፣ ትከሻዬ በሚጀምርበት ጎድጓዳ ውስጥ የተደበቀች ሌላ አለች፣ እሷን በመርፌ ሳይሆን ሙሉዋን አውጥቼ ማየት እፈልጋለሁ አለች። ተከራከርኳት። ንጹሕ ነው ብላችሁ የለም ወይ፣ እህቴም እኮ ተመርምራለች፣ ልጆች ወልዳ አሳድጋለች አልኳት። አንቺን በጠበቃነት አቁሜሽ ነበር። እሷም፣ መርፌው የነገረኝ ስለገባባት ስለዚያችው ብቻ ነው፤ ስለ ጎረቤቷ አልጠየቅኩትም፣ እሱም አልነገረኝም አለችኝ። እሺ ብዬ ቀጠሮ ያዝኩ። አንቺ ብትሆኚ እንኳ መልስ የምታጪ ይመስለኛል፤ ይህን ስል ምን ያህል እንደከበደኝ አንቺው ታውቂዋለሽ።

አደንዝዘው ከፈቱልኝ። ሁለት ሆነው ተጣብቀው ተገኙ። አንደኛዋ ያችው የአባባ አተር ናት፤ አብጣለች እንጂ ምንም የለባትም። ከእሷ ኋላ የተለጠፈችው ሌላዋ ግን ሊምፎማ ሆና ተገኘች፤ እዚያው እጢ ውስጥ የሚነሳ ካንሰር ነው።

ጋሼ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ይረፉ። እትዬ፣ የእማዬን እጅ ያዢያት። ክፉው ይኸው ነው፣ አለቀ፤ ከዚህ ወዲያ ያለው ይሻላል። አሁን ይቀጥሉ።

ደህናዋ ተበላሽታ ነው ወይ ብዬ ጠየቅኳት። የእርስዎ እንደዚያ አይደለም አለችኝ፤ ሁለቱ የየራሳቸው ናቸው፣ ጎን ለጎን ነው የኖሩት፤ ነገር ግን ደህናዋ ፊት ለፊት ስለቆመች ኋላዋ ያለችውን የሚያይ ጠፋ። እኔም ወንበሩ ላይ እንደተቀመጥኩ ስለ እጢዋ ማሰብ ትቼ ስለ እኛ አሰብኩ። ፊት የቆምነው እኛ ነን። በፍቅርም፣ በሳቅም፣ አባባን በማስታወስም ፊቷ ተገትረን ከለልናት። ደግሞ አያምም ነበር እኮ! ጥርስ እንኳ የሚያመው ስለታመመ ነው፣ ይሄ ካላመመኝ ምን ሆኖ ነው እል ነበር። ሐኪሟ አለማመሙ ማስተማመኛ አይደለም ስትለኝ እንደ ሕፃን አፌን ከፍቼ አየኋት። ሌሊት አንሶላዬ በላብ ሲርስ ቀን የካውያው ሙቀት ሰውነቴ ውስጥ ገብቶ ነው እያልኩ ለራሴ አስረዳ ነበር። ቀበቶዬ አዲስ ቀዳዳ ሲፈልግ ምግብ ስለማልሠራ ነው አልኩ። አንገቴ ሲወፍር ወገቤ ሲቀጥን አንድም ቀን ሁለቱን አገናኝቼ አላየኋቸውም።

ፈርቻለሁ፣ እትዬ። ይህን ቃል ጽፌ ስሰርዝ፣ ስሰርዝ ስጽፍ ቆይቼ ነው የተውኩት። ውጤቱን የሰማሁ ዕለት ወደ ሥራ ተመልሼ ካውያ ክፍል ገባሁ። እዚያ እንፋሎቱ ስለሚያጥን ሁሉም ሰው ፊቱ እርጥብ ነው፤ ማን እንዳለቀሰ ማን እንዳላበው አይለይም። አልቅሼ ስወጣ ሚሊሜትር በሩ ላይ ቆሞ አገኘሁት። መጥቶ ከመኪናዬ ጎን ተቀመጠና ሥራ እስክንወጣ ድረስ የእኔን ኮሌታዎች እየገለበጠ ጫፋቸውን አወጣልኝ። ይህ የቆራጭ ሥራ አይደለም፤ የለማጅ ልጅ ሥራ ነው። እንዲያ ሲያደርግ ያየው ሰው የለም አሉ።

አሁን ሕክምና ጀምሬያለሁ። በየጊዜው እየሄድኩ መድኃኒቱን በክንዴ በደም ሥር ይሰጡኛል። መስኮት አጠገብ ያለውን ወንበር እወዳለሁ፤ ከታች መኪና ሲያቆም የሚጨነቅ ሹፌር አይጠፋምና ቁጭ ብዬ እየተቸሁ እውላለሁ። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ግን ያስቸግራል። ምግብ ይሸተኛል፣ አፌ ብረት ብረት ይላል፣ ጉልበቴ ይከዳኛል። ጠጉሬ ሄዷል፤ እማዬ፣ አትዘኚ፣ ጥሎልኝ የጭንቅላቴ ቅርጽ መልካም ሆኖ ተገኝቷል። ቅንድቤ ግን ሊሄድ ሲያመነታ ነው የማየው፤ እሱ ባይሄድ ደስ ይለኛል። ሐኪሟ ስለ ሕመሙ ዓይነት ስትናገር መድኃኒት የሚሰማ ነው ትላለች። እድናለሁ ወይ ብዬ ስጠይቃት ተስፋዬ ብዙ ነው አለች እንጂ ቃል አልሰጠችኝም። እኔም ቃል ብትሰጠኝ ኖሮ አላምናትም ነበር። ባለፈው ስትዳስሰኝ ግን አንገቴ መቀነሱን ነገረችኝ። ሚሊሜትርም በበኩሉ በሜትሩ አረጋግጧል፤ ሐኪም የምትለውን ሁሉ ሳይለካ አይቀበልም። ቁስሉን እንዳይፍቀኝ ብሎ ውስጡ ለስላሳ ጨርቅ ያለው ኮሌታ የሌለው ሸሚዝ ሰፍቶልኛል። ኮሌታ ሰፊ ሆኜ ኮሌታ የሌለው ሸሚዝ ለብሼ ሥራ ስገባ ጓደኞቼ እንዴት እንዳሾፉብኝ አንቺው ገምቺ። በጤናዬ ቀን ነው ሥራ የምገባው፤ በሌላው ቀን አለቃችን ተኛ ብሎኛል።

እማዬ፣ አሁን ወደ አንቺ ዞርኩ። እዚያ ጥግ ተቀምጠሽ እየሰማሽ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ዛሬ ጆሮሽ ሁሉንም ሰምቶልሻል። ላንቺ እንዳይነገር ማድረግ እችል ነበር። ለእትዬ ብቻ በስልክ ሹክ ብላት እሷም ላንቺ ስትል ትደብቀው፣ አንቺም ከፊቷ ላይ አንብበሽ እንዳላወቅሽ ትሆኚ፣ እንዲህ እየተሸፋፈንን እንኖር ነበር። እኔ በመሸፈን ነው የታመምኩት፤ ከእንግዲህ ይበቃኛል። ልጅሽ ታሟል፣ እየታከመም ነው። ልምጣ እንዳትዪ፤ ጉዞው ይጎዳሻል። እዚያው ሆነሽ ጸልዪልኝ፣ ስደውል ደግሞ አታልቅሺ። እሺ፣ ትንሽ አልቅሺ፤ ከዚያ ግን የሰሞኑን የሠፈር ወሬ ንገሪኝ። ካንቺ ወሬ የሚስተካከል መድኃኒት እዚህ አላገኘሁም።

አንድ ነገር ደግሞ በራስሽ ላይ እንዳታነሺ። እኔ ነኝ ያው ነው ያልኩት ብለሽ ራስሽን እንዳትበዪው። ያኔ ለእትዬ የተባለው ለያኔዋ እጢ እውነት ነበር። ሐኪሙም አልዋሸሽም፣ አንቺም ልጅሽን ይዘሽ ሄደሽ ያስመረመርሽ እናት ነሽ። እኛ ነን ያንን የአንድ ቀን እውነት ይዘን እስከ ዛሬ የኖርንበት።

እትዬ፣ ባለፈው ስንደዋወል በመሃል ጣል ያደረግሽው ነገር ከጆሮዬ አልወጣም። ብብቴ ሥር ደግሞ አንዲት አተር ጨመርኩ፣ ይህችኛዋ ወፈር ያለች ናት፣ በጡት መያዣዬ በኩል ትጋፋኛለች ብለሽ ሳቅሽ። እኔ ያን ሰዓት መድኃኒቱ ክንዴ ላይ ተሰክቶ ነበር፤ አልነገርኩሽም። ያምሻል ወይ ብልሽ ጭራሽ አያመኝም አልሽኝ። ቀጥለሽ ደግሞ ቀሚሶችሽ ሁሉ እንደሰፉሽ፣ ሳትጾሚ ሳትሮጪ እንደ ልጅነትሽ ወገብ እንዳወጣሽ እየኮራሽ ነገርሽኝ። ሁላችሁም ከኋላ ስትስቁ ይሰማኝ ነበር። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነርሷ ምነው ቀዘቀዙ፣ ብርድ ልብስ ልጨምርልዎት ወይ አለችኝ።

ሐኪሟን ስለ አንቺ ጠየቅኳት። ሳያዩ መናገር አይቻልም፣ ምንም ላይሆን ይችላል፣ የወንድም መታመም እህትን ያሳምማል ማለትም አይደለም አለችኝ። ምንም እንዳይሆን እኔም አጥብቄ እመኛለሁ። የአባባ አተር ሆና ተገኝታ መሳቂያ ብታደርጉኝ፣ ጋሼም ይህን ደብዳቤ በየሰርጉ እያነበቡ ቢያሾፉብኝ ደስታዬ ነው። ነገር ግን አዲስ የወጣችና የምታድግ እጢ በድሮ ምርመራ አትለፍ፣ ሴትየዋ ደግሞ ሳታስበው እየከሳች ከሆነ ዛሬ ነገ ሳትል ትምጣ ብላለች። ስትሄጂም የድሮውን ታሪክ ንገሪያቸው እንጂ በድሮው ታሪክ ሸኝተውሽ እንዳትመለሺ። አንዷ ደህና ናት ቢሉሽ ጎረቤቷስ ብለሽ ጠይቂ። እኔ የዚያችን ልጅ እግር ሐኪም ግትርነት አግኝቼ ነው ዛሬ ቁጭ ብዬ የምጽፍልሽ። አንቺ ግትርነት ከማንም አትበደሪም፤ ሞልቶሻል፣ ብቻ ለአንድ ጊዜ እንኳ ለራስሽ አውዪው።

እንግዲህ ሰላምታዬን ላዳርስ። ለጋሼ መምህር፣ ስላነበቡልኝ እግዜር ይስጥልኝ። ድምፅዎ መሃል ላይ ተሰብሮ ከሆነም ማንም አላየም እንበል። እርስዎ ቀጠሮውን ያዙልኝ፤ እሷ ራሷ እይዛለሁ ካለች የሚመጣው ዓመት ነው። ለትልቁ፣ የአጎትህን ሰላምታ ተቀበልና የዚያን ዕለት ከሥራ አስፈቅደህ እናትህን አድርሳት፤ ከበር ትተሃት እንዳትሄድ፣ ውስጥ ድረስ ግባ። እንዲህ ያለ ቦታ ሰው ለብቻው ሲሰማ ግማሹ አይገባውም። ለትንሿ፣ የኔ ቆንጆ፣ መስታወቱን ለአንድ ቀን ተይውና ቤቱን ያዢ፣ አያትሽ እማማ ብቻዋን እንዳትሆን። ለእማዬ፣ ጉልበትሽን እስማለሁ። ያው ነው የሚለውን ቃል ለእኔ ስትዪ እርግፍ አድርገሽ ተዪው፤ እትዬ ስትወጣ ደግሞ መርቀሽ ሸኚያት።

ቀረሽ አንቺ። ከልጅነቴ ጀምሮ ታላቅሽ ነኝ እያልሽ ያላዘዝሽኝ ነገር የለም፤ እኔም ስታዘዝ ኖሬያለሁ፣ አልተጎዳሁበትም። በመርፌው፣ በቢላውና በመድኃኒቱ ግን እኔ ቀድሜሽ ሄጃለሁ። ምን ሰዓት ላይ ልብ እንደሚከዳ፣ የትኛው ወንበር እንደሚሻል፣ ምን ብሎ መጠየቅ እንደሚገባ አውቃለሁ። ደህና ነሽ ካሉሽ ከዚህ ሕመም ደጃፍ ትመለሺያለሽ፣ እኔም እዚህ በደስታ እጮሃለሁ። ሌላ ነገር ካሉሽ ግን የምትገቢበት ቤት ባዶ አይደለም፤ እኔ ውስጥ አለሁ። ስለዚህ እትዬ፣ በዚህ በአንዱ ነገር ታላቅሽ እኔ ነኝ። ተነሺና ሂጂ።

የሚወድሽ ወንድምሽ

ከሸሚዝ ቤቱ ጀርባ ካለችው ክፍሌ
እሁድ ከምሳ በኋላ፣ በየካቲት ወር ማለቂያ